ታንክ አይደለም፤ ታዲያ ምንድነው? ስለ ባለ ጎማ ብረት ለበስ መኪና

የእህቴ ልጅ ስልኬን ይዞ ፎቶ ያገላብጣል። ያለነው አዳማ ነው፤ ከባድ መኪና በማይጠፋበት መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት አጠገብ የጀበና ቡና በምንጠጣበት በረንዳ። "ታንክ!" አለ ጮክ ብሎ። ዞር ብዬ አየሁት። ስምንት ትልልቅ ጎማ ያለው፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ አናቱ ላይ መትረየስ የተተከለበት መኪና ነው። ታንክ አይደለም። ግን ልጁ ብቻውን አልተሳሳተም። ዜና ሲወራም፣ ሰው ፎቶ ሲለጥፍም ብረት የለበሰ ነገር ሁሉ ታንክ ይባላል።

አጠገባችን የተቀመጡት ጎረቤታችን በወጣትነታቸው ቢቲአር የሚባለውን የሶቪየት ብረት ለበስ ነድተዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴኑ ጦርነት ጊዜ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ስልኩን ተቀበሉት፤ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። መትረየሱን አላዩም። ጎማውንም አልቆጠሩም። "በሩ በየት በኩል ነው?" አሉ።

መጀመሪያ ጥያቄያቸው አልገባኝም። ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ይህ መኪና የተሰራው ሰው ጭኖ ሰው ለማውረድ ነው። ብረቱም፣ ጎማውም፣ ሞተሩ የተቀመጠበት ቦታም ሆዱ ውስጥ ላሉት ሰዎች ተብሎ የተወሰነ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው፤ በሩን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።

ታንክ ካልሆነ ምንድነው?

ታንክ ራሱ ተዋጊ ነው። ውስጡ ያሉት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሲሆኑ ሁሉም የታንኩ ሠራተኞች ናቸው። ተሳፋሪ የለውም። ሥራው ትልቁን መድፉን ይዞ መዋጋት ነው።

ሰው አጓጓዥ ብረት ለበስ ግን ከታንክ ይልቅ ለሚኒባስ ይቀርባል። ሹፌር አለው፣ አዛዥ አለው፣ ብዙ ጊዜ ተኳሽም አለው። የቀሩት ተሳፋሪዎች ናቸው። ለምሳሌ የሩሲያው ቢቲአር 80 ሦስት ሠራተኞችና ሰባት ተሳፋሪ ወታደሮች ይይዛል። የአሜሪካው ስትራይከር ሁለት ሠራተኞችና ዘጠኝ ተሳፋሪዎች ይይዛል። ተሳፋሪዎቹ ሲደርሱ ይወርዱና በእግራቸው ይዋጋሉ። "ቢቲአር" የሚለው ስም ራሱ በሩሲያኛ ብረት ለበስ ማጓጓዣ ከሚለው ቃል ያጠረ ነው።

ልዩነቱ በስምምነት ጭምር ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአውሮፓ የተፈረመው የመደበኛ ጦር መሣሪያ ቅነሳ ስምምነት እያንዳንዱን በስሙ ለይቶታል። ታንክ ለመባል ባዶ ክብደቱ ቢያንስ 16.5 ቶን፣ የመድፉ አፍ ቢያንስ 75 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሰው አጓጓዥ ብረት ለበስ የሚባለው ደግሞ የእግረኛ ጓድ ለማጓጓዝ የተሰራና የተሟላ፣ የራሱ መሣሪያ እንደ ደንቡ ከ20 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ነው። ወታደር የሚጭን ሆኖ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ መድፍ ከያዘ የእግረኛ ተዋጊ ተሽከርካሪ ይባላል። እሱ ሦስተኛ ዓይነት ነው።

ክብደቱን ብቻ ብናነጻጽር እንኳ ነገሩ ይገባናል። ቢቲአር 80 ሙሉ ትጥቁን ይዞ 13.6 ቶን ነው። እኛም አገር በደንብ የሚታወቀው ቲ 55 ታንክ 36 ቶን ይመዝናል።

ለምን ብረቱን አያወፍሩትም?

ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። እናስላው። ጎንና ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት 78 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መኪናው ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን ተደምሮ 60 ካሬ ሜትር ብረት ይፈልጋል እንበል። አንዲት ሴንቲ ሜትር ብቻ ብንጨምርበት 47 ኩንታል ጨመርንበት ማለት ነው። አንድ አይሱዙ ሙሉ ጤፍ እንደ መጫን ነው።

ያ ጭነት ደግሞ ከመኪናው አይወርድም። ሲነዳም ሲቆምም አብሮት ነው። ሞተሩ ከፍ ማለት አለበት። ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ፍሬኑ፣ ጎማው ሁሉ ይከተላል። ትልቅ ሞተር ብዙ ነዳጅ ይጠጣል፤ ብዙ ነዳጅ ትልቅ ጋን ይፈልጋል፤ ትልቅ ጋን ደግሞ ሌላ ክብደት ነው። የገጠር ድልድይም የራሱ አቅም አለው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ብረት ከመጨመር በፊት ያለውን ብረት በብልሃት ይጠቀሙበታል።

አንደኛው ብልሃት ማጋደም ነው። ሸንኮራ ሲቆረጥ አይታችኋል? የወንጂን ሸንኮራ ቢላዋውን ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት የተቆረጠው ፊት ክብ ነው፤ ትንሽ ነው። አጋድማችሁ ከቆረጣችሁት ግን ፊቱ ይረዝማል። ቢላዋው ያለፈበት መንገድ ረዝሟል ማለት ነው። ሸንኮራው ግን ያው ነው። የብረት ለበሱ ግንባርም እንዲሁ ነው። ብረቱ ቀጥ ብሎ ከሚቆምበት 60 ዲግሪ ቢጋደም፣ 1 ሴንቲ ሜትር የነበረው ውፍረት ከፊት ለሚመጣው ጥይት 2 ሴንቲ ሜትር ይሆንበታል።

ይህ ግን በነጻ አይገኝም። የተጋደመ ብረት ያንኑ ቁመት ለመሸፈን ይረዝማል፤ የረዘመ ብረት ደግሞ ይከብዳል። ትልቁ ትርፍ ሌላ ነው። ጥይቱ ቀጥ ብሎ ከመምታት ይልቅ ይንሸራተታል፣ ይነጥራል። የእነዚህ መኪኖች ፊት ሾጣጣ፣ ጎናቸው ወደ ውስጥ ያጋደለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ብረቱን በየቦታው ማበላለጥ ነው። ብዙ ጊዜ ግንባሩ ይወፍራል፤ ጣሪያው ይሳሳል። ሦስተኛው የብረቱ ዓይነት ነው። ለአጥርና ለበር የምንበይደው ላሜራ ለዚህ አይሆንም። ቀጥቃጭ ማረሻ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው እንደሚጠነክር፣ ይህም ብረት በእሳትና በማቀዝቀዝ እንዲጠነክር የተደረገ ነው። ከመጠን በላይ ከጠነከረ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ልኩን ማግኘት ትልቅ ሙያ ነው። ብየዳው ራሱ ሙያ ነው፤ በያጁ ብረቱን አለመጠን ካጋለው ጥንካሬውን ያጣል። አንድ ሰው ፒክአፑ ላይ ላሜራ በይዶ "ብረት ለበስ" ሲለው የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ሰው ያንን አምኖ ይሳፈራል።

አራተኛው ከውጭ የማይታይ ነገር ነው። ብረቱ ባይበሳ እንኳ ከባድ ምት ሲያርፍበት ከውስጥ በኩል ፍንጣሪ ሊረግፍ ይችላል። ፍንጣሪው ተሳፋሪውን ይጎዳል። ስለዚህ አዳዲሶቹ መኪኖች የውስጥ ግድግዳቸው እንደ ኬቭላር ባለ ጠንካራ ጨርቅ ተደራርቦ ይለበጣል። ጨርቁ ፍንጣሪውን ይይዘዋል።

እና ጥይት አይበሳውም?

የቱ ጥይት? ከየት ርቀት? የትኛው ጎኑ ላይ? እነዚህ ሳይመለሱ "አይበሳውም" ማለት አይቻልም።

የኔቶ አገሮች ለዚህ ስታናግ 4569 የሚባል መለኪያ አላቸው። በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ መኪና ከ30 ሜትር የተተኮሰ፣ ብረት እንዲበሳ የተሰራ የክላሽ ጥይት ይመልሳል። አራተኛው ደረጃ ላይ ያለው ከ200 ሜትር የሚመጣ 14.5 ሚሊ ሜትር የከባድ መትረየስ ጥይት ይቋቋማል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የድሮዎቹ ቢቲአሮች በዋናነት የታሰቡት ለክላሽና ለቀላል መትረየስ ጥይት፣ ለመድፍ ፍንጣሪም ነው። ራሱ ቢቲአር 80 አናቱ ላይ የሚይዘው 14.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ የመሰሎቹን ጎን ይበሳል።

በትከሻ የሚተኮሰው አርፒጂ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ብረቱን አቅልጦ የሚገባ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። የአርፒጂው ጭንቅላት ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ ክዳን የተጎደጎደ ቀጭን ብረት አለ፤ ብዙ ጊዜ መዳብ ነው። ከጀርባው ያለው ፈንጂ ሲፈነዳ ያን ብረት ጨምቆ እንደ ቀጭን ዘንግ ወደፊት ይወረውረዋል። ፍጥነቱ በሰከንድ በብዙ ኪሎ ሜትር ይለካል። ለዚያ ዘንግ የአንድ ሴንቲ ሜትር ብረት ግድግዳ እምብዛም አያግደውም። በአንዳንድ ብረት ለበሶች ዙሪያ እንደ አጥር ፍርግርግ ብረት ተገጥሞ የምታዩት ለዚህ ነው። አሜሪካኖች ኢራቅ ውስጥ ስትራይከርን እንዲህ አጥረውት ነበር። የፍርግርጉ ክፍተት ከአርፒጂው ጭንቅላት ስለሚጠብ ጭንቅላቱ እዚያ ሲጣበቅ ይጨፈለቃል፤ በደንብ ሳይፈነዳ ሊቀር ይችላል። ሁልጊዜ ግን አይሳካም።

ጎማውን ቢመቱትስ?

እዚህ ላይ ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጣልቃ ገባ። "አንድ ጥይት ጎማው ላይ፤ በቃ፣ ቆመ" አለ። የጎማ ነገር ሥራው ነውና ሁላችንም ዝም አልን። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከደጁ የተጣለ አሮጌ የሲኖትራክ ጎማ ነበር። ጎኑ ተቀዶ ሽቦዎቹ እንደ ዛገ ክር ወጥተዋል። የዚያን ጎማ ጎን በአውራ ጣት ብትጫኑት ምንም አይልም፤ ድርቅ ያለ ነው። ግን ያለ አየር 10 ቶን ቢጫንበት ይታጠፋል፣ በቸርኬው ጠርዝ ይቆረጣል፣ ይቃጠላል። የተራ መኪና ጎማ ታሪክ ይኸው ነው።

የብረት ለበስ ጎማ በሦስት መንገድ ይለያል።

በመጀመሪያ ጎማዎቹ ብዙ ናቸው። 13.6 ቶን ለስምንት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 17 ኩንታል ነው የሚደርሰው። አንዱ ቢፈርስ ሰባቱ ይሸከማሉ። ስምንቱም ደግሞ ከሞተሩ ጉልበት ስለሚያገኙ የተረፉት ይጎትታሉ። ቢቲአር 80 ላይ የፊተኞቹ አራት ጎማዎች በሙሉ ከመሪው ጋር ይዞራሉ፤ ስለዚህ አንዱ የፊት ጎማ ቢሄድ እንኳ መሪው አይጠፋም።

ሌላው ውስጡ ያለው ነገር ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ጎማው ውስጥ፣ ቸርኬው ላይ የተገጠመ ጠንካራ የጎማ ቀለበት አላቸው። አየሩ ሲወጣ መኪናው በዚያ ቀለበት ላይ ያርፋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይንገጫገጫል፤ ግን ከተኩሱ ቦታ ወጥቶ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል።

ጎሚስታውን የገረመው ሦስተኛው ነው። ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ መኪናው እየሄደ፣ የጎማውን አየር ይቀንሳል፣ ይጨምራል። "ጎማው እየዞረ? ቱቦው አይጠመጠምም?" አለ። አይጠመጠምም። አየሩ የሚገባው በሚዞረው አካል መሃል በተሰራ ቀዳዳ ነው። የሚዞረውና የማይዞረው የሚገናኙበት ቦታ በጎሚኒ የታሸገ ነው። ጥይት ትንሽ ቀዳዳ ቢከፍት ኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን አየር ያህል ይተካል። ጎማው ይተነፍሳል፣ ኮምፕሬሰሩ ይነፋል፣ መኪናው ይሄዳል። "ይሄ ነገር ለሲኖትራክ ቢመጣ እኔ ሥራ ፈታሁ" አለ ጎሚስታው፤ ሳቅን።

የዚህ ነገር ዋና ጥቅሙ ግን ለጥይት አይደለም፤ ለመሬቱ ነው። የግመልና የአህያ ኮቴ አስቡ። አህያ ኮቴዋ ጠንካራና ጠባብ ነው፤ አሸዋ ላይ ይሰምጣል። ግመል ስትረግጥ እግሯ ይሰፋል፤ አሸዋ ላይ ትንሳፈፋለች። ጎማም አየሩ ሲቀንስ ሆዱ ይለጠጥና የሚረግጠው ቦታ ይሰፋል። አሸዋና ጭቃ ላይ አየሩ ይቀነሳል፤ አስፋልት ሲገኝ መልሶ ይሞላል።

ጎማ ይሻላል ወይስ ሰንሰለት?

እንደ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢቲአር 80 በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ በራሱ ጎማ ከሰዓት እምብዛም ሳያልፍ ይደርሳል። ታንክ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሎቤድ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ሰንሰለት ቶሎ ያልቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ አስፋልት ይቆርጣል። ድምፁም ከሩቅ ይሰማል።

ነሐሴ ላይ የሞጆንና የቢሾፍቱን ጥቁር ዋልካ መሬት አቋርጡ ብትባሉ ግን ሰንሰለቱን ምረጡ። እዚያ ጎማ ይሸነፋል።

ሰላም አስከባሪዎች ብዙ ጊዜ ባለ ጎማ የሚነዱት በዚህ የተነሳ ነው። ሥራቸው ረጅም መንገድ ላይ መመላለስ ነው፤ የሰውን መንገድ ማበላሸትም አይፈልጉም።

ፈንጂ ሲረግጥ ምን ይሆናል?

ይህን ክፍል ሳልቸኩል መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሞተው በዚህ ነውና።

ፈንጂ ከመሬት በታች ሲፈነዳ የሚገድለው እሳቱ ብቻ አይደለም። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየርና አፈር ወደ ላይ ይወረወራል። የመኪናው ሆድ ጠፍጣፋ ከሆነ ያን ሁሉ ግፊት እንደ መዳፍ ይቀበለዋል። ወለሉ ወደ ላይ ይጎብጣል። እግሩን ወለሉ ላይ ያሳረፈ ሰው ቁርጭምጭሚቱና ቅልጥሙ ይሰበራል። መቀመጫው ወለሉ ላይ የተበየደ ከሆነ አከርካሪውም ይጎዳል። የድሮዎቹ ቢቲአሮች ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነበር።

በፎቶ ላይ ወታደሮች ውስጡ መግባት ትተው ጣሪያው ላይ ተቀምጠው አይታችሁ "ታዲያ ብረቱ ምን ሊሰራ ነው?" ብላችሁ ይሆናል። ሶቪየቶችም አፍጋኒስታን ውስጥ እንዲህ ይሄዱ ነበር። አንዱ ምክንያት ፈንጂ ነው። ውስጥ ከሚደርሰው ግፊት ይልቅ ከላይ ተወርውሮ መውደቅ የተሻለ ዕድል ይሰጣል ብለው ያምኑ ነበር። ከላይ ሲሆኑ አድፍጦ የሚጠብቃቸውን ቀድመው ያያሉ፤ ቶሎም ይወርዳሉ። ጋሼ ስለ ሙቀቱም ነገሩኝ። "ኦጋዴን በቀትር ብረቱን በባዶ እጅ አትነካውም። ውስጡ ምድጃ ነው" አሉ። ከላይ የተቀመጠ ሰው ግን ለጥይት ባዶ ነው። ሁለቱም ምርጫ ሰው ያስከፍላል።

መፍትሔው ከደቡባዊ አፍሪካ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚያ የነበሩ መሐንዲሶች የመኪናውን ሆድ ጠፍጣፋ ከማድረግ ይልቅ እንደ ጀልባ ሹል አደረጉት። የቆርቆሮ ጣሪያን ገልብጣችሁ አስቡት። በረዶ ሲወርድ ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። እዚህ ደግሞ ግፊቱ ከታች ይመጣና በሹሉ ሆድ ግራና ቀኝ ይሸሻል። ካስፒር የተባለው የደቡብ አፍሪካ ብረት ለበስ በዚህ አሠራር ይታወቃል። አካሉ አንድ ወጥ ሹል ሳጥን ነው። አክሱሎቹ ከውጭ የታሰሩ ናቸው። ፈንጂ ሲመታው ጎማና አክሱል ተገንጥሎ ይሄዳል፤ ሳጥኑ ግን ይተርፋል። የተገነጠለው በሌላ ይተካል። አሜሪካኖችም ኢራቅ ውስጥ መንገድ ዳር የሚቀበሩ ፈንጂዎች ሲያስቸግሯቸው ብዙ ሹል ሆድ መኪኖች አስገቡ።

ከሆዱ ሌላ ከፍታም ይረዳል። ግፊቱ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ይዳከማል፤ ስለዚህ መኪናው ከመሬት ከፍ ይላል። መቀመጫውም ተቀየረ። ወለሉ ላይ ከመበየድ ይልቅ ከጣሪያ ወይም ከግድግዳ በቀበቶ ይንጠለጠላል፤ ወለሉ ቢጎብጥ ሰውየውን አይመታውም። እግር ማሳረፊያም ከወለሉ ተለይቶ ይሰራል።

ከፍ ያለ መኪና ግን ይገለበጣል። እላዩ ላይ የተቆለለ ጭነት የያዘ አይሱዙ ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን የአዳማ ሰው አሳምሮ ያውቃል። ሹል ሆድ ያላቸው መኪኖችም ይህ ችግር አለባቸው።

ውሃ ላይ እንዴት ይንሳፈፋል?

14 ቶን የሚጠጋ ብረት ቆቃ ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ አስቡት። ምሥጢሩ በርሜል ነው። የተከደነ ባዶ በርሜል ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ከገባበት ይሰምጣል። ቢቲአር 80 ለመንሳፈፍ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ገፍቶ ቦታ መያዝ አለበት። 13.6 ቶን ማለት 13,600 ሊትር ነው፤ 68 የ200 ሊትር በርሜል። አካሉ ሰፊና የታሸገ ስለሆነ ይህን ያህል ውሃ ይገፋል።

ውሃ ከመግባቱ በፊት ሹፌሩ አፍንጫው ላይ የታጠፈውን ጠፍጣፋ ብረት ያነሳል፤ ማዕበሉ ወደ ላይ እንዳይወጣበት ነው። ከኋላ ያለው የውሃ መግፊያ ውሃ ስቦ በኃይል ይተፋል። በሰዓት 9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሰርጎ የሚገባውን ውሃ ፓምፕ ያወጣዋል።

አሁን አሁን ግን ይህ ችሎታ እየቀረ ነው። ብረት ሲጨመር፣ ሆዱ ሲሾል መኪናው ለመንሳፈፍ ይከብዳል። ስትራይከር አይንሳፈፍም። ቦክሰር የሚባለው የጀርመንና የኔዘርላንድ ባለ ስምንት ጎማ 36 ቶን ገደማ ደርሷል፤ ቲ 55 ታንክን አከለ ማለት ነው።

ውስጡ ምን ምን አለ?

መጀመሪያ ማየት። ክዳኑ ሲዘጋ ሹፌሩ የሚያየው በፔሪስኮፕ ወይም በወፍራም መስታወት ነው። በበር ስንጥቅ እያዩ የአዳማን አደባባይ እንደ መዞር ነው። ስለዚህ አዳዲሶቹ በዙሪያቸው ካሜራ አላቸው፤ ሌሊት በሰውነት ሙቀት የሚያይ መሣሪያም ይጨመራል።

ከዚያ መነጋገር። የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ሠራተኞቹ ጆሮና አፍ ላይ በሚገጠም መገናኛ ነው የሚነጋገሩት።

አየሩም ይጣራል። ማራገቢያ ከውጭ የመጣውን አየር በማጣሪያ አሳልፎ ወደ ውስጥ ይገፋል። የውስጡ ግፊት ከውጭው ትንሽ ስለሚበልጥ አየር በስንጥቁ ይወጣል እንጂ አይገባም። በእኛ ከተማ ነፋስ ሲነሳ አቧራው በመስኮት ስንጥቅ እንዴት እንደሚገባ እናውቃለን። ቤታችን እንዲህ ቢሆን ኖሮ አንድም አቧራ አይገባም ነበር። ለመኪናው ግን የታሰበው መርዝ ጋዝና የኒውክሌር ብናኝ ነው።

እሳት ማጥፊያው ሰው አይጠብቅም፤ የእሳቱን ብርሃን አንብቦ ዓይን ሳይርገበገብ ይረጫል። ከውጭ የጭስ ቦምብ መወርወሪያ ቱቦዎች አሉ፤ ቢቲአር 80 ስድስት አለው። መኪናው ራሱን በጭስ ጋርዶ ይሸሻል። ጭቃ ውስጥ ሲያዝ ራሱን የሚጎትትበት ካቦና ዊንችም አለው።

መትረየሱ ድሮ ተኳሹ የሚገባበት የሚዞር ማማ ላይ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ላይ ተኳሹ ሆዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስክሪን እያየ በእጅ መያዣ ያዞረዋል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ "እንደ ጌም?" አለ። ጋሼ ቀና ብለው አዩት፤ "ከወዲያ በኩል ያለው ግን ሰው ነው፣ ልጄ" አሉት።

እና በሩ?

የበሩን ቦታ የሚወስነው ሞተሩ ነው። ጋሼ የነዱት ቢቲአር 60 ሁለት የቤንዚን ሞተሮች ነበሩት፤ ሁለቱም ከኋላ። አንዱ አንደኛውንና ሦስተኛውን አክሱል፣ ሌላው ሁለተኛውንና አራተኛውን ያዞራል። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይሄዳል። ሞተር ከኋላ ካለ ግን ከኋላ በር አይኖርም። ወታደሮቹ የሚወጡት ከላይ ባለው ክዳንና ጎኑ ላይ ከፍ ብለው በተሰሩ ጠባብ መውጫዎች ነበር። ከላይ የሚወጣ ሰው ሰማዩ ላይ ይታያል። ተኩስ ባለበት ይህ አደጋ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቢቲአር 70 በሁለተኛውና በሦስተኛው ጎማ መካከል ዝቅ ያለች ትንሽ በር ተከፈተችለት። የሚወጡባት ጎንበስ ብለው፣ ተጠማዘው ነው። በቢቲአር 80 በሩ ሰፋ። ለሁለት ተከፍሎ የላይኛው ወደፊት ይከፈታል፤ የታችኛው ወደ ታች ወርዶ መርገጫ ይሆናል። ሁለቱ የቤንዚን ሞተሮችም በአንድ 260 የፈረስ ጉልበት ናፍጣ ሞተር ተተኩ። ሞተሩ ግን አሁንም ከኋላ ነው።

የስዊዘርላንዱ ፒራንያ፣ ስትራይከርና የፊንላንዱ ፓትሪያ ሌላ መንገድ ያዙ። ሞተሩን ወደፊት፣ ከሹፌሩ ጎን አመጡት። ስለዚህ ኋላው ነጻ ሆነ። እዚያ ወደ ታች የሚዘረጋ ሰፊ በር ተሰራ። ወታደሮቹ ሲወርዱ የመኪናው አካል ከፊታቸው ይጋርዳቸዋል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ስንነጋገር ስልኩን አልመለሱም ነበር። ፎቶውን በሁለት ጣታቸው አሰፉት። ከዚያ በዝግታ ስለ አንድ ቀን አወሩን። እግሩ የተመታ ጓደኛቸውን በላይኛው ክዳን ሊያወጡት ሲሞክሩ፣ አንዱ ከውስጥ እየገፋ፣ ሌላው ጣሪያው ላይ በሆዱ ተኝቶ ብብቱን ይዞ እየሳበ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ፎቶው ላይ የመኪናውን ጀርባ አገኙት። በሩ ተዘርግቷል፤ ውስጡ ግራና ቀኝ መቀመጫ፣ መሃሉ ባዶ መተላለፊያ ነው። ለልጁ በጣታቸው አሳዩት።

"ይሄኛው ቃሬዛ ያስገባል" አሉ።